ከነፋሾቹ ፊት ያለችው ወንበር፦ ኤላ ፊትዝጄራልድና የዳንስ ባንዱ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። የምሽቱ ርዕሳችን አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ኤላ ፊትዝጄራልድ ናት። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ስለ ኤላ ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው ቃል “ተሰጥኦ” ነው። ሦስት ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለው ርቀት ነው) ገደማ የሚያዳርስ ድምፅ፣ ከቃና የማይወጣ ጆሮ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሚሰማበት አነጋገር። ተሰጥኦው ነበራት፤ የሚክድ የለም። ግን ተሰጥኦ ብቻውን ይህን ድምፅ አይሠራም። ኤላ ከ1935 እስከ 1942 ድረስ ሰው ሊጨፍር ከሚመጣበት ባንድ ፊት ቆማ ማታ ማታ ሠርታለች። ጆሮዋን፣ ትንፋሿን፣ ምት አያያዟን ያበጀው ያ ሥራ ነው። ኋላ ላይ ዓለም ያደነቀውን ነገር ሁሉ ወደኋላ ብትከተሉት የሚያደርሳችሁ እዚያ ነው፤ ዛሬም ብዙውን ጊዜያችንን የምንሰጠው ለዚያ ዘመን ነው።

ልጅነቷን ባጭሩ ልለፈው። ሚያዝያ 25 ቀን 1917 ቨርጂኒያ ውስጥ ኒውፖርት ኒውስ ተወለደች። እናቷ ይዛት ወደ ኒውዮርክ አካባቢ፣ ወደ ዮንከርስ ሄደች። እናቷ በ1932 ስትሞት አክስቷ የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ወደሆነው ሃርለም ወሰደቻት፤ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ በመንግሥት ማረሚያ ተቋም ውስጥ ከረመች፤ ከዚያ ወጥታ ሃርለም ጎዳና ላይ ወደቀች። ኅዳር 21 ቀን 1934 አፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር ላይ የወጣችው የ17 ዓመት ልጅ ማደሪያ አልነበራትም። የመጣችው ለመጨፈር ነበር። ከእርሷ በፊት የወጡት የኤድዋርድስ እህትማማቾች ግን መድረኩን አነደዱት፤ እነርሱን ተከትሎ መጨፈር መዋረድ መሰላትና እዚያው መድረክ ላይ ሐሳቧን ለውጣ ዘፈነች። የዘፈነችው ከሸክላ እየሰማች በምትወዳት በኮኒ ቦዝዌል አዘፋፈን ነበር። የመጀመሪያውን ሽልማት፣ 25 ዶላር፣ ወሰደች።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከውድድሩ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አይነገርም። አሸናፊው ቲያትሩ ውስጥ አንድ ሳምንት እንዲሠራ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ለእርሷ አልተፈጸመላትም። ልብሷ የተቀዳደደ፣ ጫማዋ ያረጀ ነበርና “ለመድረክ አትሆንም” ተባለች። በዚያ ዘመን ባንድ ይዞ የሚዞር ሰው ሴት ዘፋኝ ሲቀጥር የሚፈልገው መጀመሪያ መልክ ነበር፤ ድምፅ ሁለተኛ ነው። የባንድ መሪው ቺክ ዌብም ሲያያት ፊቱን አዞረ። የባንዱ ወንድ ዘፋኝ ቻርሊ ሊንተን “ስማትና ከዚያ ወስን” ብሎ ባይጫነው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ነገር ባልኖረ። በሙከራ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ የዳንስ ግብዣ ይዘዋት ሄዱ፤ ተማሪዎቹ ወደዷት፤ ቀረች። ሰኔ 12 ቀን 1935 ከባንዱ ጋር የመጀመሪያዋን ሸክላ ቀዳች።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ሃርለም ውስጥ፣ ሌኖክስ አቬኑ ላይ፣ በ140ኛና በ141ኛ ጎዳና መካከል ነበር፤ የተከፈተው በ1926 ነው። ጥቁሩም ነጩም አብሮ የሚጨፍርበት ቤት ነበር፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መድረኩ ሁለት ነው፤ አንዱ ባንድ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል፤ ሙዚቃው አይቋረጥም። የቤቱ ጌታ ዌብ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1937 ቤኒ ጉድማን ባንዱን ይዞ መጥቶ ተፋጠጡ፤ ጉድማን ተሸንፎ ወጣ፤ የጉድማን ድራም መቺ ጂን ክሩፓ ለዌብ እጅ ነሳ። ጥር 16 ቀን 1938 ደግሞ ካውንት ቤዚ መጣ፤ በዚያ ወገን ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ፣ በዚህ ወገን ኤላ።

ቺክ ዌብ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ሰው ነው። በልጅነቱ የአከርካሪ ነቀርሳ ይዞት ጀርባው ጎብጧል፤ ቁመቱም አጭር ነበር። ድራሙን ለራሱ ቁመት አሠርቶታል፤ ጸናጽሎቹ በተቆለመሙ ብረቶች ላይ ተንጠልጥለው እጁ በሚደርስበት ቦታ ይውላሉ፤ ፔዳሎቹም ለእግሩ ተበጅተዋል። ኖታ አያነብም። ቅንብሩን በሙሉ ግን በቃሉ ይይዝና ነፋሾቹ በየት በኩል እንደሚገቡ ከእነርሱ ቀድሞ በበትሩ ይነግራቸዋል። ኤላ የምት ትምህርቷን የቀሰመችው ከዚህ ሰው ነው። ቢሊ ሆሊዴይ ከምቱ ወደኋላ ቀረት ብላ ትዘፍናለች፤ ኤላ ግን ምቱ ልቡ ላይ ትቆማለች። ይህ የድራም መቺ ልጅ የመሆን ምልክት ነው።

ባንዱ በ1938 እንዲህ ነበር፦ ሦስት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦን፣ አራት ሳክስፎንና ክላሪኔት፣ ከኋላ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ኮንትራባስና ድራም። አሥራ አራት ሰው ማለት ነው። የእኛን የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያየ ወይም ፎቶውን የተመለከተ ሰው አቀማመጡን ያውቀዋል፤ ነፋሾቹ በረድፍ፣ ዘፋኙ ከፊት። በዳንስ ባንዱ ዘመን ዘፋኟ ከነፋሾቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ምሽቱን ሙሉ ብዙውን ጊዜ የምታሳልፈው ተቀምጣ በመስማት ነው። ሳክስፎኖቹ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው፤ የትራምፔቱ ትንፋሽ ማጅራቷን ይነካታል። አንድን ቅንብር በሳምንት ስድስት ቀን የሰማች ሰው የራሷን ዜማ ብቻ አታውቅም፤ የሁለተኛው ትሮምቦን ድምፅ የት እንደሚወርድም ታውቃለች። ኤላ ኖታ ፊቷ ተዘርግቶ የተማረች አይደለችም፤ ጆሮዋ ግን ባለ አሥራ አራት መስመር ነበር።

የዘፋኟ ድርሻ ምን ያህል ነበር? በጣም ትንሽ። የዘመኑ ዘፈን አብዛኛው 32 ሜዠር ነው (አንድ ሜዠር አራት ምት ይይዛል)፤ በ8 በ8 ሜዠር ለአራት ይከፈላል። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ዜማ ናቸው፤ ሦስተኛው ድልድይ ነው፤ ዜማውን አዙሮ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ይህን አንድ ዙር “ኮረስ” ይሉታል። ባንዱ የመጀመሪያውን ኮረስ ይጫወታል፤ ዘፋኟ አንዱን ትዘፍናለች፤ ከዚያ ነፋሾቹ ይረከቡና ይዘጉታል። ሒሳቡን እንሥራው፦ 32 ሜዠር በአራት ምት ሲባዛ 128 ምት ነው። በደቂቃ 180 ምት የሚሄድ ፈጣን ዳንስ ከሆነ አንድ ኮረስ 43 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በ100 ምት የሚሄድ ዘገምተኛ ከሆነ 77 ሰከንድ። ሸክላው ደግሞ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል፤ ባለ አሥር ኢንቹ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ዘገምተኛ ዘፈን ከሁለት ኮረስ ብዙም አያልፍም። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ግጥሙን ማስረዳት፣ ዜማውን በትክክል ማስቀመጥና የሚጨፍረውን ሰው አለማደናቀፍ የዘፋኟ ግዴታ ነው። ዜማ ለማስጌጥ የሚተርፍ ጊዜ የለም። የኤላ ቁጥብነት የመጣው ከዚህ ነው።

የድምፁ ከፍታ ነገር ሌላው ፈተና ነው። የነፋስ መሣሪያዎች ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ የተደረገ ድምፅ) የበዛባቸውን ቅኝቶች ይወዳሉ፤ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት። የሰው ጉሮሮ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ለወንድ ዘፋኝ የተጻፈ ቅንብር ለሴት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ድምፅ መዛወር አለበት። አቀናባሪው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቅንብሩን በሙሉ ማዛወር ነው፤ የአሥሩንም ነፋሾች ወረቀት እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ወደ ታች ከወረደ መሪው ትራምፔት ብርሃኑን ያጣል፤ ወደ ላይ ከወጣ ከንፈሩ ሌሊቱ ሳያልቅ ያልቃል። ሁለተኛው መንገድ ባንዱን በሚመቸው ቅኝት ትቶ ዘፋኟ ልትገባ ስትል አራት ሜዠር መሸጋገሪያ መጻፍ ነው። ብዙዎቹ የሚመርጡት ይህን ነው። ዘፋኟ ግን በዚያች አራት ሜዠር ውስጥ አዲሱን ቅኝት በጆሮዋ ይዛ የመጀመሪያዋን ድምፅ ያለ ስህተት መምታት አለባት። እዚህ ላይ የሚወድቁ ብዙ ነበሩ፤ ከታች ገብተው እየጎተቱ ይወጣሉ። የኤላን የዌብ ዘመን ሸክላዎች ስትሰሙ ይህችን ቦታ ጠብቁ። ድምፁ ላይ የምታርፈው ቀጥ ብላ ነው።

ማይክሮፎኑንም ማንሳት አለብኝ። ማይክሮፎን ከመምጣቱ በፊት ባንድ ፊት የሚዘፍን ሰው በጩኸት ወይም በአፍ ላይ በሚያዝ ቀንድ መሰል መለከት ነበር የሚሰማው። በ1930ዎቹ የመጣው የሪባን ማይክሮፎን ውስጡ ቀጭን የብረት ጥብጣብ አለው፤ ከፊትና ከኋላ ይሰማል፤ ከጎንና ከጎን ይደነቁራል። ዘፋኟ በጣም ከቀረበች ዝቅተኛው ድምፅ ያብጣል፤ “ፕ” እና “ብ” ስትል የሚወጣው ትንፋሽ ጥብጣቡን ይመታውና ይንፈቀፈቃል። ከራቀች ደግሞ ከኋላው ያሉት ትራምፔቶች ይውጧታል። መድረክ ላይ ለዘፋኟ የሚመለስ ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ራሷን ጥርት አድርጋ አትሰማም። ቃናዋን የምትጠብቀው ከኮንትራባሱና ከሳክስፎኑ ነው። አዘፋፈኗ ንጹሕ የሆነው፣ ተነባቢ ፊደላቷ ሹል የሆኑት፣ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ቃል ለማስተላለፍ ሌላ እርዳታ አይሰጣትም።

ስቱዲዮም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ቅጂው በሰም ላይ ነው የሚቀረጸው፤ መቁረጥና መቀጠል የለም። ሁለተኛው ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ላይ አንድ ትራምፔት ከተሳሳተ ሰሙ ይጣላል፤ አሥራ አራት ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ነፋሾቹ ከመጠን በላይ ከጮኹ መቅረጫው መርፌ ከአንዱ ቦይ ወደ ጎረቤቱ ይገባል፤ ያም ይጣላል። ስለዚህ ዘፋኟ ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ ዝግጁ መሆን አለባት፤ እርሷ ስታድስ ነፋሾቹ ይደክማሉ።

ግንቦት 2 ቀን 1938 የተቀዳው “ኤ ቲስኬት፣ ኤ ታስኬት” የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ዘፈኑ የሕፃናት ነው፤ ቅርጫት የጠፋባት ልጅ የምትዘፍነው፣ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የሚታወቅ ጨዋታ። ሐሳቡን ኤላ አመጣች፤ አቀናባሪው ቫን አሌክሳንደር ወደ ዳንስ አወጣው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው አበባየሆሽን ወስዶ፣ ለሦስት ትራምፔትና ለአራት ሳክስፎን አቀናብሮ፣ አዋቂ የሚጨፍርበት ሸክላ ቢያደርገው። የዘፈኑ ምስጢር አቀባበሉ ላይ ነው። መጨረሻው አካባቢ የባንዱ ወንዶች ስለ ቅርጫቱ ቀለም እየጠየቁ ያቀብሏታል፤ እርሷ እየካደች ትመልሳለች። ጥያቄው ከመልሱ ጋር ያለ ምንም ክፍተት ይገጣጠማል፤ አንዱም አይጣደፍም፣ አይዘገይም። ይህ ከስቱዲዮ በፊት በየምሽቱ መድረክ ላይ ሲጫወቱት የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው። ሸክላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ከአራት ዓመት በፊት ሃርለም ጎዳና ላይ የነበረችው ልጅ በ21 ዓመቷ አሜሪካን ሁሉ አስዘፈነች።

ዌብ ሰኔ 16 ቀን 1939 ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሞተ። ባንዱ በእርሷ ስም ተጠራ፤ እስከ 1942 ይዛው ዘለቀች። ስሙ የእርሷ ይሁን እንጂ ሙዚቃውን የሚመሩት ከባንዱ አባላት አንጋፋዎቹ ነበሩ። ያንን ዘመን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔም አላረዝመውም፤ የተቀዱት ዘፈኖች አብዛኞቹ ደካማ ናቸው።

ትልልቅ ባንዶች ለምን ጠፉ ለሚለው አንድ መልስ የለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነፋሾቹን ወሰደ፤ ጎማና ቤንዚን በራሽን ሆኑና በአውቶቡስ መዞር ከበደ። ከነሐሴ 1942 ጀምሮ የሙዚቀኞች ማኅበር ሸክላ መቅዳትን አገደ፤ ዘፋኞች ግን የማኅበሩ አባል ስላልነበሩ ያለ መሣሪያ በኅብረ ድምፅ እየታጀቡ መቅዳት ቻሉ። ሰዉ ሸክላ ሲገዛ ከባንዱ ስም ይልቅ የዘፋኙን ስም መጠየቅ ለመደ። በ1944 የዳንስና የዘፈን ቤቶች ላይ የተጣለው ከባድ ግብር ደግሞ ባለቤቶቹ የሚጨፈርበትን ወለል ዘግተው ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ወደ ማድረግ ገፋቸው። አሥራ አራት ሰው መክፈል የሚችል ቤት አነሰ። ብዙ የዳንስ ባንድ ዘፋኞች እዚህ ላይ አለቁ፤ አንድ ኮረስ ብቻ መዝፈን የለመደ ሰው ሙሉ ምሽት ብቻውን መያዝ አይችልም።

ኤላ ያላለቀችው ጆሮዋ ነፋሾቹ መካከል ስላደገ ነው። በ1946 ከዲዚ ጊሌስፒ ባንድ ጋር ዞረች፤ ቢቦፕ የሚባለው አዲስ ሙዚቃ አጠገቧ ነበር። በ1945 “ፍላይንግ ሆም”ን ያለ ግጥም ዘፈነችው፤ በ1947 “ኦ ሌዲ ቢ ጉድ”ን በግጥሙ ጀምራ ያለ ግጥም ቀጠለችው። ስካት የሚሉት ይህ ነው። ስካት ዝም ብሎ ትርጉም የለሽ ድምፅ ማውጣት የሚመስለው ሰው አለ፤ እንዲያ አይደለም። ትራምፔት ነፊ ምላሱን በ“ተ” ያስነሣዋል፤ ሁለት ድምፅ በፍጥነት ሲያወጣ “ተ” እና “ከ” ዓይነት ንክኪ ይፈራረቃል። ዝግ ድምፅ ሲፈልግ አናባቢው ወደ “ኡ” ይጠብባል፤ ሲከፍተው ወደ “አ” ይሰፋል። ኤላ እነዚህን ፊደላት የምታፈራርቀው እንደ ነፊ ነው። ጀማሪ የሚወድቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ አንድ ዓይነት ፊደል ደጋግሞ ምላሱ ይተሳሰርበታል፤ ወይም ድልድዩ መቼ እንደሚመጣ ረስቶ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት የአጃቢ ድምፆች) ሲቀየር በቀድሞው ላይ ይቀራል። ኤላ ድልድዩን አትስተውም፤ ያን ወንበር ላይ ተቀምጣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ሰምታዋለችና።

ከ1956 ጀምሮ ኖርማን ግራንዝ ባቋቋመው ቨርቭ በተባለው ኩባንያ የአሜሪካን ዘፈን ደራሲዎች አንድ በአንድ የያዙ ስብስቦችን ሠራች። የመጀመሪያው የኮል ፖርተር ነው፤ 32 ዘፈን። እስከ 1964 ድረስ ስምንት ስብስብ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ዘፈኖች ሲደረሱ መግቢያ ነበራቸው፤ ታሪኩን የሚያስተዋውቅ፣ ምቱ ልል የሆነ ክፍል። ሰው ሊጨፍርበት ስለማይችልና ሸክላው ስለማይበቃው የዳንስ ባንዶች ቆርጠው ጥለውት ነበር። በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ የሚይዘው አዲሱ ሸክላ ሲመጣ ኤላ ብዙዎቹን መግቢያዎች መለሰቻቸው። ዘፋኟ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ አገኘች። ግን ኮረሱ ሲጀምር ስሙት፤ አሁንም የ1938ቱ ቁጥብነት አለ።

“ሐዘን አይሰማባትም” የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። በ1950 ከፒያኖ ተጫዋቹ ከኤሊስ ላርኪንስ ጋር ብቻ ሆና የቀዳቻቸውን ስምንት የገርሽዊን ዘፈኖች የሰማ ሰው ሐዘኑ ድምፅ በማንቀጥቀጥ እንዳልተነገረ ያያል፤ ያለው የሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፁን ቀጥ አድርጋ ይዛ በምትተውበት ቦታ ነው።

ጥቁር መሆኗ በየሄደችበት ይከተላት ነበር። በጥቅምት 1955 ሂውስተን ውስጥ ግራንዝ ጥቁርና ነጭ ተመልካች አብሮ ይቀመጥ ስላለ ፖሊስ መልበሻ ክፍሏ ድረስ ገብቶ በቁማር ሰበብ አሰራት፤ ዲዚ ጊሌስፒም አብሯት ነበር። በ1959 የግራሚ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ሁለት ወሰደች፤ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናት።

አሁን ወደ የካቲት 13 ቀን 1960 እንሂድ፤ በርሊን፣ ዶይቸላንድሃለ። ከኋላዋ አራት ሰው ብቻ፦ ፖል ስሚዝ ፒያኖ፣ ጂም ሆል ጊታር፣ ዊልፍሬድ ሚድልብሩክስ ኮንትራባስ፣ ገስ ጆንሰን ድራም። “ማክ ዘ ናይፍ”ን ልትዘፍን ስትል ግጥሙን እንዳትረሳ ተስፋ እንደምታደርግ ለሕዝቡ ትናገራለች። መሃል ላይ ረሳችው። ለምን እንደተረሳ ከዘፈኑ አሠራር መረዳት ይቻላል። ዜማው 16 ሜዠር ብቻ ነው፤ ድልድይ የለውም፤ ያው ዜማ ደጋግሞ ይመጣል። በየዙሩ ግጥሙ ሌላ ነው፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ ወንጀል። የሚመለስበት አዝማች ስለሌለ አንዱ ቁጥር ከጠፋ ቀጣዩን የሚያስታውስ ምልክት የለም። በዚያ ላይ በየዙሩ ቅኝቱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አእምሮ ግጥም ሲፈልግ ጆሮ አዲስ ቅኝት መያዝ አለበት።

እርሷ ግን አላቆመችም። ግጥሙ እንደጠፋት ራሱን ግጥም አደረገችው፤ ዘፈኑን ከእርሷ በፊት የቀዱትን ቦቢ ዳሪንንና ሉዊ አርምስትሮንግን ጠራች፤ በአርምስትሮንግ ሻካራ ድምፅ ዘፈነች፤ ዘፈኑን እያበላሸችው መሆኑንም በዜማ ተናገረች። ይህ ሁሉ በ16 ሜዠር ልክ፣ ቤት እየመታ፣ ቅኝቱ በወጣ ቁጥር አዲሱ ላይ ቀጥ ብላ እያረፈች። አራቱ አጃቢዎች አንድም ጊዜ አልተደናገሩም፤ የት እንዳለች ሁልጊዜ ይሰማሉና። ይህ ቅጂ ሁለት ግራሚ አስገኘላት።

በኋለኛው ዘመን የስኳር በሽታ ዓይኗን ጎዳው፤ በ1993 ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ሰኔ 15 ቀን 1996 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ በ79 ዓመቷ አረፈች። የቅንብር ወረቀቶቿ ዋሽንግተን ውስጥ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በዚያ ከተማና አካባቢዋ ለምትኖሩ ሙዚቀኞች ቅርብ ነው።

የበርሊኑን ቅጂ አሁን እናሰማችኋለን። በጣታችሁ ጉልበታችሁ ላይ አራት አራት እየቆጠራችሁ ስሙት። በየ16 ሜዠሩ መጨረሻ ኮንትራባሱን አድምጡ፤ ወደ አዲሱ ቅኝት በሩን የሚከፍትላት እርሱ ነው። ግጥሙ የሚጠፋባትን ቦታ ስታገኙት መቁጠሩን አታቋርጡ።